የውጭ አገር ትምህርት ዕድል በማን እጅ ነው?

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

«ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ቢሆንም ዛሬ በከተማችን የማያውቀው ቤተሰብ የለም ለማለት ይቻላል። በመርካቶ ሱቆች፣ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ታክሲ በሚጠበቅበት ስፍራ፣ በመሥሪያ ቤትም በሻይ ሰዓት «የእገሌ ልጅ ዕድል አገኘች፤ የእገሌ ልጅ ግን ቀረበት» ሲባል ዘወትር ይሰማል። ነገሩ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ዕጣ ነው። ዕጣ የወጣለት ይሄዳል፤ ያልወጣለት ይቀራል። ዕጣውን የሚያወጣውም በሩቅ አገር የተቀመጠ የማይታወቅ ባለሥልጣን፣ ወይም ከኤምባሲ መስኮት በስተጀርባ ያለ ጸሐፊ፣ አለዚያም «መንገዱን እኔ ዐውቃለሁ» የሚል ደላላ ይመስለናል።

የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ማስረዳት ነው። የመጨረሻው ውሳኔ በባዕዳን እጅ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ወደዚያ ውሳኔ የሚያደርሰው ረጅም መንገድ የሚገኘው በእኛው እጅ ነው፤ በተማሪው፣ በወላጁ፣ ይልቁንም የመዝገብ ቤቱን ቁልፍና የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በያዘው በመንግሥት ሠራተኛው እጅ ነው። ብዙ ዕድል የሚጠፋው በኤምባሲ ደጃፍ ሳይሆን በእኛው የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ ራሱን በሦስት ወገን እንዲመለከት እንለምነዋለን፤ ራሱ ዕድሉን እንደሚፈልግ ሰው፣ ልጁን ለማስተማር እንደሚመኝ ወላጅ፣ የሌላውንም ሰው ማስረጃ በእጁ እንደያዘ ባለአደራ።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ስሙን ያገኘው በጻድቁ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ሲሆኑ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው ከትውልድ አገራቸው ከሸዋ ተነሥተው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ለትምህርት ሄዱ፤ ከዚያም አልፈው ትግራይ ደብረ ዳሞ ወጡ። በመጨረሻም ወደ ሸዋ ተመልሰው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። የቆሎ ተማሪም አኮፋዳውን አንግቶ ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው ሲለቅም የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። እንግዲህ ለትምህርት አገር አቋርጦ መሄድ፣ የተማሩትንም ይዞ መመለስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዓለምም በበኩሉ ወደዚህ ሰፈር መጥቷል። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ የወረደ ሰው የሕንጻ ኮሌጁን ያገኛል። ይህ ኮሌጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመ ነው። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም በሰንጋ ተራ ለብዙ ዘመን የሒሳብ ሠራተኞችንና ጸሐፊዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅም የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቆሟል።

ስለዚህ ስም ጥቂት እንናገር። «ጥቁር አንበሳ» ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ በምዕራብ ኢትዮጵያ የተቋቋመ የአርበኞች ማኅበር ስም ነበረ። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩ። ከአባሎቹ አንዱ የነበሩት ይልማ ደሬሳ ደግሞ በለንደን የኢኮኖሚ ትምህርት የተከታተሉ ሲሆኑ፣ ከነጻነት በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። ከእነርሱ በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ተመልሰዋል፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ የተዘጋጀው በእርሳቸው ሲሆን፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራክረዋል። ዶክተር መላኩ በያንም በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በጦርነቱ ጊዜ ለአገራቸው አገልግለዋል። ጠላት ይህን ስላወቀ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ውጭ አገር የተማሩትን ወጣቶች እየፈለገ ብዙዎቹን ገደለ። አንድ የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ኢትዮጵያ የትምህርት ዕድል ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ሰጪም የነበረች መሆኗ ነው። ከአውሮፓውያን 1958 ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት ገና በቅኝ ግዛት ሥር ከነበሩ ወይም ነጻነታቸውን በቅርብ ካገኙ የአፍሪካ አገሮች ለመጡ ወጣቶች በአዲስ አበባ በነጻ የመማር ዕድል ሰጠ። ከእነዚህ አንዱ ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ ነበሩ። ኡኮ በአዲስ አበባ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 ከተመረቁ በኋላ በአገራቸው በመንግሥት ሠራተኛነት አገልግለዋል፤ ኋላም የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። እነዚህ የአፍሪካ ተማሪዎች ከእኛ ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ ስለኖሩ፣ ስለ አህጉሩ የነጻነት ትግል ብዙ ነገር አሳውቀዋቸዋል። ይህንንም ዕውቀት የእኛ ተማሪዎች ያገኙት ፓስፖርት ሳያወጡ፣ በአውሮፕላን ሳይሳፈሩ ነው።

ዛሬም ቢሆን የውጭውን ዓለም ዕውቀት ለማግኘት የግድ አገር መልቀቅ አያስፈልግም። በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንጻ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የኢትዮጵያ ታሪክና ቋንቋ ሊቃውንት የሚሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በመጀመሪያ በሮም እ.ኤ.አ. በ1959፣ ቀጥሎም በማንቸስተር በ1963 ተደረገ። ሦስተኛው ግን በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው እስከ ጃፓን ኪዮቶና እስከ ጀርመን ሐምቡርግ ሲዞር ቆይቶ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። እንዲሁም የዩኒቨርሲቲው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ከተቋቋመ ወዲህ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ትምህርት ሰጥቷል።

«ይህ ሁሉ የሊቃውንት ነገር ነው፤ ለእኔ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ምን ይጠቅመኛል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲዘጋጅ አስቀድሞ «የጥናት ጥሪ» የሚባል ማስታወቂያ ይወጣል። በዚህ ጥሪ መሠረት ተናጋሪው መጀመሪያ የሚልከው ሙሉውን ጥናት ሳይሆን አንድ ገጽ የማይሞላ አጭር መግለጫ ነው፤ ጥያቄው ምን እንደ ሆነ፣ በምን ማስረጃ እንደ ተመረመረ፣ ምን እንደ ተገኘ የሚናገር። በመሬት መዝገብ፣ በግብር፣ በጤና ጣቢያ ወይም በፍርድ ቤት ዐሥር ዓመት የሠራ ሰው የውጭ ሊቅ በሁለት ወር ጉብኝት ሊደርስበት የማይችል ማስረጃ በዓይኑ አይቷል። ይህን በሥርዓት መጻፍ ከቻለ በጉባኤው ላይ የመናገር ተስፋ አለው። ለማድመጥ ብቻ የሚመጣም ሰው ቢሆን ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛው መምህር እርሱ በሚወደው ጉዳይ ላይ እንደሚሠራ ይረዳል። በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ሲያመለክት ይህ ዕውቀት ከብዙ ወረቀት ይበልጥ ይረዳዋል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው የሚለጠፉትንና በድረ ገጹ የሚወጡትን የንግግርና የጉባኤ ማስታወቂያዎች መከታተል መልካም ልማድ ነው።

አሁን ወደ ዕድሉ ዓይነቶች እንለፍ። በውጭ አገር የመማር ዕድል ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት መንግሥት ከመንግሥት ጋር በሚያደርገው ስምምነት የሚገኝ ሲሆን፣ ምርጫው የሚጀምረው በአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች በኩል ነው። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ የሄዱት ብዙ ወጣቶች በዚህ መንገድ የሄዱ ነበሩ። ሁለተኛው በግልጽ ውድድር የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ ፉልብራይት፣ በ1983 የተጀመረው የእንግሊዝ ቼቭኒንግ፣ በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት የሚሰጣቸው ዕድሎች፣ ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ አገሮች በኅብረት የሚሰጡት ኤራስመስ ሙንዱስ ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ገንዘብ የሚሰጠው ነው። አራተኛው የልውውጥ ትምህርት ሲሆን፣ ተማሪው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ እንደ ተመዘገበ ጥቂት ወራት በሌላ አገር ተምሮ የሚመለስበት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ በተለይ ለመንግሥት ሠራተኛው የሚስማሙ አሉ። ቼቭኒንግ የሚጠይቀው ሁለት ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት ያህል የሥራ ልምድ ነው፤ ትምህርቱን የጨረሰውም ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቈይ ያስገድዳል። የጀርመኑ አገልግሎት ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች የሚሰጠው ዕድልም እንዲሁ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ ግን ከስድስት ዓመት የበለጠ ጊዜ ያለፈው አመልካች እንደ ደንቡ አይቀበልም። እንግዲህ «ሥራ ስለ ያዝሁ ዕድሌ አለፈ» የሚለው አሳብ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሥራው ራሱ መመዘኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ገና ጊዜ አለኝ» ማለትም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ስድስቱ ዓመት ሳይታወቅ ያልቃልና።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብን ያሳሳተ አንድ ነገር በግልጽ እናስረዳ። የመቀበያ ደብዳቤና የገንዘብ ዕርዳታ የተለያዩ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው «ተቀብለንሃል» ብሎ ሲጽፍ ትምህርቱን ለመከታተል ትችላለህ ማለቱ እንጂ ክፍያውን እኛ እንችልሃለን ማለቱ አይደለም። ዕርዳታም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ ዕርዳታ የትምህርቱን ክፍያ፣ የመኖሪያውን ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜም የአውሮፕላኑን ቲኬትና የጤና ኢንሹራንሱን ያጠቃልላል። ከፊል ዕርዳታ ግን የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ወይም በግማሽ ትቶ የቀረውን በቤተሰቡ ላይ ይጥላል። በደብዳቤው ላይ ያለውን ቃል በሚገባ ሳያነቡ ሱቅ የሸጡ፣ ዕቁብ የበሉ፣ ከዘመድ የተበደሩ ሰዎች በኋላ የቤት ኪራዩን መክፈል ሲያቅታቸው ልጃቸውን በባዕድ አገር በችግር ላይ ጥለዋል።

ደላላው የሚገባውም በዚህ ባለማወቅ በኩል ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ በነጻ የሚገኘውን የማመልከቻ ቅጽ የሚሸጥ፣ ዕድሉንም «በእርግጥ አወጣልሃለሁ» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ሰው ሞልቷል። ቼቭኒንግና ፉልብራይት ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም። እርግጥ ነው፤ ለቋንቋ ፈተና፣ ለፓስፖርት፣ ለቪዛ፣ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲም ለማመልከቻ የሚከፈል እውነተኛ ክፍያ አለ። ነገር ግን ይህ የሚከፈለው ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ በደረሰኝም ነው። ውጤቱን አስቀድሞ ቃል የሚገባልህ፣ ወይም ገንዘቡ በግል ስም በባንክ እንዲገባ የሚጠይቅህ፣ ወይም ማስታወቂያውን በመጀመሪያው ምንጭ እንዳታይ የሚያጣድፍህ ሰው ሁሉ ሊጠረጠር ይገባዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ማስታወቂያን ከሰጪው ድርጅት ወይም ከኤምባሲው መነሻ ቃል እንጂ ከወሬ አንቀበል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አሁን እንናገር፤ እርሱም የማስረጃው ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ስለ ስም እንመልከት። የሰፈራችን ስም ራሱ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ተክለ ሃይማኖት የተባለ ወጣት አለ እንበል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ጸሐፊ በአንድ ቃል አያይዞ፣ ሌላው በሁለት ቃል ለይቶ ይጽፈዋል። አንዱ በ«አይ» ፊደል፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል። በልደት ማስረጃው አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ለእኛ አንድ የሆነው ሰው በባዕድ መዝገብ ሦስት ሰው ይሆናል። በሁለት ቃል ተለይቶ የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ የውጭው መዝጋቢ «ሃይማኖት» የአባቱ ስም ይመስለዋል። የቤተሰብ ስም የሚባለው ልማድ በእኛ ዘንድ ስለሌለ፣ በቅጹ ላይ በዚያ ስፍራ የአባትን ወይም የአያትን ስም ስንጽፍ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። መመሪያው አጭር ነው፤ ፓስፖርት እንደ ወጣ የፓስፖርቱ አጻጻፍ ለሁሉም ይሁን፤ ልዩነት ያለበት ማስረጃም ጊዜ ሳለ ይታረም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዳንድ ጸሐፊ በችኮላ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ ሁልጊዜ ሰባት ወይም ሁልጊዜ ስምንት ይጨምራል። ይህ ስሕተት ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ሲሆን፣ ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው። ዓመቱ በእኛ አንድ ሲሆን በእነርሱ ሁለት ይሆናል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ አንድ ዓመት ያለ አግባብ ከተቀነሰ ሁለት ዓመት የሠራው ሰው አንድ ዓመት እንደ ሠራ ተቈጥሮ ይወድቃል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ማመልከቻው የሚዘጋበት ሰዓት ብዙ ጊዜ በግሪኒች አቆጣጠር ይነገራል። በዚያ አቆጣጠር «ቀትር 12 ሰዓት» ማለት በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ምሽት 12 ሰዓት አይደለም። በእኛ ልማድ «12 ሰዓት ገና ነው» ብሎ የተዘናጋ ሰው ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ያገኘዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል፤ መብራትም ኔትወርክም የሚጠፋበት ጊዜ አለና።

አራተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ደብዳቤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርተዋል» ከማለት አያልፍም። መራጮቹ የሚፈልጉት ግን ሰውየው ምን እንደ ሠራ ነው። መልካም ደብዳቤ የሥራውን መደብ፣ የተጀመረበትን ቀን፣ የሙሉ ጊዜ ሥራ መሆን አለመሆኑን፣ በእጁ የነበሩትን ዋና ዋና ተግባሮች፣ የፈራሚውን ስምና ሥልጣን፣ የደብዳቤውን ቍጥርና ቀን ይይዛል። የድጋፍ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። «ጠባዩ መልካም፣ ለሥራው ትጉህ» የሚለው ቃል ለሁሉም ስለሚጻፍ ስለ ማንም አይናገርም። «የተከማቸውን መዝገብ በስድስት ወር አስተካክሎ፣ የባለጉዳዩን ወረፋ ከሳምንት ወደ አንድ ቀን አወረደ» የሚል አንድ መሥመር ግን ከአንድ ገጽ ምስጋና ይበልጣል። «ራስህ ጻፈውና ልፈርምልህ» የሚል ኀላፊም ሠራተኛውን የረዳ ይመስለዋል እንጂ ጐድቶታል፤ አንባቢዎቹ የአመልካቹና የመስካሪው አጻጻፍ አንድ መሆኑን አይተው ይጠረጥራሉና።

አምስተኛው ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ትላልቅ ውድድሮች የሚከፈቱት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የተመረጠው ሰው የሚሄደው በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ትራንስክሪፕቱን ከሬጅስትራር ማውጣት፣ ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ማስመስከር፣ የቋንቋ ፈተናውን መፈተን እያንዳንዱ ቀን ይወስዳል። ማስታወቂያው ሲወጣ የሚሮጥ ሰው ዘግይቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ሰው ግን ማስታወቂያው ሲወጣ የሚቀረው ስለ ራሱ መጻፍ ብቻ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ እንግዲህ በእነዚህ በአምስቱ ነገሮች ውስጥ የባዕድ እጅ የለበትም። ስሙን የጻፈው የእኛ ጸሐፊ ነው፤ ቀኑን የለወጠው የእኛ መዝገብ ቤት ነው፤ ደብዳቤውን «ነገ ተመለስ» ብሎ ያቈየው የእኛ ባልደረባ ነው። በመስኮቱ ፊት የቆመችው ልጅ አንድ ማኅተም ስትለምን፣ ለእኛ ከብዙ ጉዳዮች አንዱ የሆነው ለእርስዋ የአንድ ዓመት፣ ምናልባትም የሕይወትዋ ሙሉ ጉዳይ ነው። የእርስዋ ቀን ባለፈ ጊዜ ደግሞ ማንም ሰው አይከሰስም፤ ስለ ጠፋው ዕድል መዝገብ አይከፈትምና። ለዚህ ነው ኀላፊነቱ የሕሊና ኀላፊነት የሚሆነው።

በመጨረሻ ስለ መመለስ አንድ ቃል እንጨምር። የመንግሥት ሠራተኛ ለትምህርት ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ውል ይፈርማል፤ ተመልሶም ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነውም ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባው ነው። ሄዶ የቀረ ሰው እንደ ሆነ ዕዳው በዚያ ደመወዝተኛ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም በላይ ኀላፊዎች ለቀጣዩ አመልካች ፈቃድ ለመስጠት ይፈራሉ። በውጭ የቀረ ሁሉ አገሩን የከዳ ነው ለማለት አይደለም፤ በባዕድ አገር ሆነውም ለአገራቸው መምህራንን የሚያሠለጥኑ፣ መጻሕፍትን የሚልኩ፣ ሆስፒታልን የሚረዱ ኢትዮጵያውያን አሉ። ነገር ግን የገባውን ቃል መጠበቅ፣ መጠበቅ ያቃተውም በጊዜው ተናግሮ ዋሱን ነጻ ማውጣት ከማንኛውም ዲግሪ የሚቀድም ትምህርት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን የትምህርትን ክብር ከማዕረጉ ለይተው ስለሚያውቁ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሁላችን አንዳንድ ነገር ብናደርግ ይበቃል። ዕድሉን የሚፈልግ ሰው ዲግሪውንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የስሙን አጻጻፍ ይመርምር። ወላጅ የሆነ ሰው ለደላላ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ማስታወቂያውን ከምንጩ ያንብብ፤ ቋንቋው ቢቸግረው የሚያውቅ ሰው ያስነብብ። በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ በመሳቢያው ውስጥ የቆየ የማስረጃ ጥያቄ እንዳለ አይቶ ዛሬውኑ ይፈርም። የአንድ ወጣት መንገድ የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው በዚያች ፊርማ ሊሆን ይችላልና።